ተርጓሚነቱ ለምን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታለፈ?

ስለ ሕንዳዊው ደራሲና ገጣሚ ቪክራም ሴት መጣጥፍ ያቀረቡት ጸሐፊ፣ ሴትን እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተመው ግዙፍ ልቦለዱ መመዘናቸው ተገቢ ቢሆንም፣ ከቻይንኛ የተረጎማቸውን ግጥሞች በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው ቅር አሰኝቶኛል። ካልካታ የተወለደው ሴት በስታንፎርድ የምጣኔ ሀብት ተማሪ ሳለ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በቻይናው ናንጂንግ ዩኒቨርሲቲ ቆይቷል፤ ከዚያም በቲቤት አቋርጦ ወደ ሕንድ የተመለሰበትን ጉዞ በመጽሐፍ አቅርቦታል።

በ1992 የታተመው የትርጉም መድበሉ በጥንታዊው የቻይና ታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የኖሩትን ገጣሚዎች ዋንግ ዌይን፣ ሊ ባይንና ዱ ፉን የያዘ ነው። የቻይና ግጥሞችን በነጻ ስንኝ ካቀረበው አሜሪካዊ ገጣሚ ከኤዝራ ፓውንድ ወዲህ የመጡ ብዙ ተርጓሚዎች ቤት መምታቱን ትተው በነጻ ስንኝ ሲተረጉሙ፣ እርሱ ግን ቻይንኛው ቤት የሚመታ በመሆኑ እንግሊዝኛውም እንዲመታ ደክሟል። በእኔ ግምት ይህ ለዋንግ ዌይ ጸጥታ ሲስማማ፣ የዱ ፉን የጦርነት ምሬት ግን አልፎ አልፎ ያለሰልሰዋል። ምርጫው ድንገተኛ አይደለም፤ በ1986 ያሳተመው የመጀመሪያ ልቦለዱ፣ ማውጫው ሳይቀር፣ ቤት በሚመቱ አሥራ አራት አሥራ አራት ስንኞች የተገጠመ ነው። ለዚያ ልቦለድ ያነሣሣውም በእንግሊዝኛ ትርጉም ያነበበው የሩሲያዊው ገጣሚ ፑሽኪን በግጥም የተጻፈ ልቦለድ «ዬቭጌኒ ኦኔጊን» ነበር።