እህል እያለ መራብ

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ገበያ ገብቼ ነበር። አንዲት የቃሉ እናት ፍየል ሸጠው እህል ተራ ደርሰዋል። ብራቸውን ሁለት ጊዜ ቆጠሩት። ማሽላውን በእፍኛቸው ዘግነው አዩና መለሱት። “አምና በአንድ ፍየል የቤቴን እህል ሸምቼ ገባሁ፤ ዘንድሮ ግማሹም አልሞላልኝ” አሉኝ። ከፊታቸው ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። እህሉ ሞልቷል፤ ፍየሏ ግን አልገዛ አለች።

ለወሎ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም። በ1964 ክረምቱ ከዳ፤ በ1965 በልጉም ቀረ። ወሎ ውስጥ ምርት መውደቁ እውነት ነው። ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን የዚያን ዘመን የገበያ ዋጋ ሲመረምር ግን ያገኘው ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በአገር ደረጃ የነበረው እህል ያን ያህል አልጎደለም። ደሴ ላይ የእህል ዋጋ እንኳ ብዙም አልጨመረም። ገበሬው ማሳው ከድቶታል፣ ከብቱን በርካሽ ሸጧል፣ እጁ ባዶ ነው። ብር የሌለው ሰው ደግሞ ቢራብም ዋጋ አያስወድድም። ጭራሽ ከወሎ እህል እየተጫነ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። የሚያልፈው በዚሁ ደሴንና ኮምቦልቻን በሚያቋርጠው አውራ ጎዳና ነው። የተራበውም ሕዝብ የተኮለኮለው በዚያው መንገድ ዳር ነው። የአፋር አርብቶ አደርማ አስቀድሞ ተጎድቶ ነበር፤ አዋሽ ዳር የነበረው ግጦሹ ለጥጥ እርሻ ተወስዶበታል።

ዛሬም ዜና ላይ የምንሰማው ስንት ሚሊዮን ኩንታል እንደተመረተ ነው። ደስ ይላል፣ ምርት ይጨምር። እኔ የምለው፣ ከዚያ ቁጥር ጎን ሌላ ቁጥር ይነገረን። አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ማሽላ ይገዛል? የቀን ሠራተኛ ውሎስ? ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ደሞዝስ? ይሄ ሲያሽቆለቁል እርዳታው ያኔውኑ ይጀምር፤ ሰው ቀዬውን ጥሎ መንገድ ዳር እስኪወጣ አይጠበቅ። በ1997 የተጀመረው ሴፍቲኔትም፣ ለደሃ ቤተሰብ እህል ወይም ብር የሚሰጠው ፕሮግራም፣ በብር ሲከፈል ከገበያው ዋጋ ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

ብር ለሌለው ሰው የቀረው መጠባበቂያ ዘር ነው። የቆላው ገበሬ ሚያዝያ ላይ ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈጀውን ማሽላ ይዘራል። ዝናቡ ካሳፈረው ቶሎ የሚደርሰውን ይሞክራል። እሱም ካልሆነ ሐምሌ ላይ ጤፍ፣ መጨረሻ ላይ በቀረችው እርጥበት ሽምብራ። ይህን ለማድረግ ግን አራቱም ዘር ቤቱ መኖር አለበት።

የወሎ ማሽላ ስሞቹ ራሳቸው ያስጎመጃሉ፦ ወተት በጉንጬ፣ ስንዴ ለምኔ፣ ማርጩቄ። የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ9,000 በላይ የማሽላ ዓይነት መርምረው፣ ላይሲን በተባለው ገንቢ ንጥረ ነገር የበለጸጉ ሁለት ዓይነቶች አገኙ። ሁለቱም የተገኙት ከወሎ ነው። ግኝቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ወሎ በረሃብ በሚያልቅበት በዚያው ዓመት። እንዲህ ያለው ማሽላ ፍሬው ጨምደድ ይላል፣ ምርቱም ያንሳል። ገበሬው ግን ከሌላው ጋር ቀላቅሎ እየዘራ፣ እሸቱን ጠብሶ እየበላ አቆይቶታል። ኩንታል ብቻ የሚቆጥር ሰው ቢሆን ኖሮ ድሮ ጥሎት ነበር።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ብዙ ቤት ለዘር ያስቀመጠውን በላ። እነ የዕፅዋት ዘር ተመራማሪው ዶ/ር መላኩ ወረደ የአገሩን ዘር ከጥፋት ለማዳን ደክመዋል፤ አዲስ አበባ ያለው የዘር ባንክም ትልቅ ሀብት ነው። የቃሉ ገበሬ ግን ሚያዝያ ላይ አዲስ አበባ አይሄድም። በየቀበሌው ገበሬው ራሱ የሚያስተዳድረው የዘር ጎተራ ያስፈልጋል፤ በመጥፎ ዓመት የሚያበድር፣ በደህናው የሚቀበል።

እኚያ እናት እህላቸውን አስረው ሊሄዱ ሲሉ ነጋዴውን ጠየቁት። “ለዘር የሚሆን ጅጉርጢ ማሽላ አለህ ልጄ?” ልጁ ጆንያዎቹን ዞር ብሎ አየ። “የለም እናቴ። ይሄ ሁሉ ከየት እንደመጣ እንኳ አላውቀውም። ለዘር አይሆንዎትም።”