ባቱ አጂ ላይ ቤት ገዝቶ ማከራየት ያዋጣል?

ባታም ከሲንጋፖር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት። ኑሮዋ የተመሠረተው በመርከብ ግንባታና ጥገና፣ በኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካና በወደብ ላይ ነው። ባቱ አጂ የታንጁንግ ኡንቻንግ የመርከብ መሥሪያዎች ያሉበት የሠራተኞች ሰፈር ነው። እዚያ ቤት ገዝቶ በከፊሉ መኖርና የቀረውን ክፍል በክፍል ማከራየት ያዋጣል ወይ? ሁለት የተለያየ አቋም ያላቸው ጸሐፊዎች ተከራክረዋል።

ያዋጣል

ባቱ አጂን ደግፎ የያዘው ተከራዩ ነው። ከሱማትራ፣ ከጃቫና ከፍሎሬስ ለብየዳና ለቀለም ሥራ የሚመጣው ወጣት ቤት የመግዛት አቅሙም ሐሳቡም የለውም። የሚፈልገው ኮስ ነው፤ በወር የሚከፈልበት አንድ ክፍል፣ ከተቻለም የራሱ መታጠቢያ ያለው። የባታም ዝቅተኛ የወር ደሞዝ በ2025 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 4,989,600 ሩፒያ ስለነበር ከዚህ ላይ 900 ሺህ ሩፒያ ለክፍል መክፈል የሚከብድ አይደለም። እንበልና ባለ 8 ክፍል ኮስ ከነመሬቱ 900 ሚሊዮን ሩፒያ ወጣበት። ክፍሎቹ ከሞሉ በዓመት 86.4 ሚሊዮን ይገባል፤ ይህ 9.6 በመቶ ነው።

ሰው የሚከስረው በአብዛኛው ወረቀቱን ሳያይ ስለሚገዛ ነው። ባታም ላይ መሬቱን በስሙ የያዘው ደሴቲቱን የሚያስተዳድረው የመንግሥት አካል፣ ቤፔ ባታም ነው። ገዢ የሚያገኘው ሃጌቤ የተባለውን፣ በዚያ መሬት ላይ ገንብቶ የመጠቀም መብት ነው። መጀመሪያ 30 ዓመት ይሰጣል፣ ለ20 ዓመት ይራዘማል፣ ከዚያም ለ30 ዓመት ይታደሳል። በየደረጃው ኡዌቴ የሚባል የሊዝ ክፍያ በካሬ ሜትር ይሰላል፤ ተመኑም እንደ አካባቢውና እንደ መሬቱ አገልግሎት ይለያያል። ስለዚህ ስለ ዋጋ ከመነጋገር በፊት መጠየቅ ያለበት ሊዙ የሚያልቅበት ዓመት ነው። ጎን ለጎን የቆሙ፣ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ቤቶች የአንዱ ሊዝ 6 ዓመት፣ የሌላው 22 ዓመት ሊቀረው ይችላል። ባንክም ብድሩን ከቀሪው ሊዝ አሳልፎ አይሰጥም።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ሰርተፍኬቱ በመሬት ቢሮ ይጣራ፤ እዳ ወይም እግድ ካለበት እዚያ ይታያል። ቀጥሎ የኡዌቴው ደረሰኝና የቦታ ምደባው ካርታ ከሻጭ ይጠየቅ፤ በካርታው ላይ ያለው ስፋት ከሰርተፍኬቱ ጋር ካልገጠመ እዚያው ማቆም ነው። ከዚያ ኢፔሃ፣ ማለትም የቤፔ ባታም የዝውውር ፈቃድ ይወጣል። ይህ ሳይያዝ የመሬት ውል አዋዋዩ ኖታሪ የመጨረሻውን ውል አያስፈርምም። ገዢ ከቀረጥ ነፃው መጠን በላይ ባለው ዋጋ ላይ 5 በመቶ፣ ሻጭ 2.5 በመቶ ይከፍላሉ። ቅድሚያ ክፍያው ኢፔሃው እስኪወጣ ኖታሪው ዘንድ ቢቀመጥ ጭቅጭቅ አይኖርም።

አያዋጣም

ስለ ወረቀቱ ወንድሜ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖም ቤቱ ሊያከስር ይችላል።

የመርከብ መሥሪያ ሠራተኛ አብዛኛው የኮንትራት ነው። የሚቀጥረው ንዑስ ተቋራጭ ነው፤ ውሉም አንድ ጀልባ ወይም አንድ የነዳጅ መድረክ ተሠርቶ እስኪያልቅ ነው። ሥራው ሲያልቅ ብዙ ሰው በአንድ ወር ሻንጣውን ይሸክማል። በ2014 የነዳጅ ዋጋ ወድቆ የባሕር ላይ ቁፋሮ ትእዛዝ ሲቀንስ የባታም መርከብ መሥሪያዎች ክፉኛ ተመትተዋል። ባለ 8 ክፍል ኮስ ያለው ሰው ስምንት የተለያዩ ተከራዮች ያሉት ይመስለዋል። ስምንቱም የሚበሉት ከአንድ ገበታ ከሆነ ግን የሚወጡትም አብረው ነው።

የወንድሜን ሒሳብ ልድገመው። በዓመቱ በአማካይ 5 ክፍል ብቻ ቢያዝ ገቢው 54 ሚሊዮን ነው። ለጥገና፣ ለጽዳትና ለውሃ 12 ሚሊዮን ይውጣለት። ከ900 ሚሊዮኑ 300ው የመሬቱ ዋጋ ነው ብንል፣ የቀረው ሊዝም 20 ዓመት ከሆነ በየዓመቱ 15 ሚሊዮን የሚያህለው ይተናል። የሚተርፈው 27 ሚሊዮን፣ ማለትም 3 በመቶ ነው። የሕንፃውን እርጅና ገና አላነሳሁም። በ2024 የኢንዶኔዥያ መንግሥት ለዜጎቹ የሸጠው የችርቻሮ ቦንድ ከ6 በመቶ በላይ ይከፍል ነበር።

ለውጭ አገር ዜጋማ ነገሩ ገና ከበሩ ላይ ይዘጋል። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ሰው ሃክ ፓካይ በሚባለው የመጠቀም መብት የራሱን መኖሪያ መያዝ ይችላል፤ ለ30 ዓመት፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 30። ክፍል ማከራየትን ሥራዬ ብሎ ለመያዝ ግን የውጭ ኩባንያ ማቋቋም አለበት፤ የኢንቨስትመንቱ ወለልም ከ10 ቢሊዮን ሩፒያ በላይ ነው። በአገሬው ሰው ስም ገዝቶ በጓዳ ውል መያዝ ደግሞ ሕግ የማያውቀው መንገድ ነው። ስሙ ያለበት ሰው እምቢ ካለ ፍርድ ቤት ሄዶ የሚያስመልሱት ነገር የለም።

ስለ ኑሮውም ላንሳ። ባታም ትልቅ ወንዝ የላትም፤ የምትጠጣው ዝናብ በግድብ አጠራቅማ ነው። ታንጁንግ ኡንቻንግ ከዋናው መስመር ጫፍ ላይ ስለሆነ ግፊቱ ይደክማል፤ ቀን ቧንቧው ደርቆ ሌሊት የሚንጠባጠብበት ቤት ብዙ ነው። ከመርከብ መሥሪያው ደግሞ የብረት ዝገት ለማራገፍ የሚረጨው ጥቁር አሸዋ ብናኝ በነፋስ ይመጣል። ከመሥሪያዎቹ አጠገብ ያለ መስኮት ጠዋት ተወልውሎ ማታ ጣት ቢያስነኩት ጥቁር ያወጣል። ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያዋጣል

እህቴ ስለ ውሃው ያሉት እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን ውድ አይደለም። ለባለ 8 ክፍል ኮስ መሬት ላይ 2,000 ሊትር፣ ጣሪያ ላይ 1,000 ሊትር ታንከር ይበቃል። የታችኛው ሌሊት በራሱ ይሞላል፣ ፓምፑ ወደ ላይ ያወጣል። የሚበላሸው የውሃውን ከፍታ ተከትሎ ፓምፑን የሚያጠፋው ተንሳፋፊ ማብሪያ ነው፤ ሲበላሽ ፓምፑ ያለ ውሃ እየዞረ ይቃጠላል፤ መለዋወጫ ገዝቶ ማስቀመጥ ነው። ፓምፑን በቀጥታ ከመንገዱ ቧንቧ ጋር የሚያገናኝ ግን የጎረቤቱን ውሃ ይጠባል፤ ከጎረቤትም ከውሃ አቅራቢውም ያጣላል።

እኔን የሚያሳስበኝ፣ እህቴም ያላነሱት፣ አፈሩ ነው። ባታም ኮረብታ ናት፤ አልሚው ጫፉን ቆርጦ በቀዩ አፈር ሸለቆውን ይሞላል። በሙሌት ላይ የቆመ ቤት ከሁለትና ከሦስት የዝናብ ወቅት በኋላ ሊሰምጥ ይችላል። ግድግዳው በበርና በመስኮት ማዕዘን ላይ በሰያፍ ይሰነጠቃል፤ ወለሉ ከኋላ ጓሮ በኩል ያዘነብላል። በደረቅ ቀን የታየ ቤት አይገዛ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ሄዶ፣ የኋላውን የድጋፍ ግንብ አይቶ፣ ግንቡ ላይ የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጦ፣ ወለሉ ላይ ውሃ አፍስሶ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ነው።

ስለ ውጭ ዜጋው፣ ኢንዶኔዥያዊት ያገባ ወይም ኢንዶኔዥያዊ ያገባች ሰው መንገድ አለው። የንብረት መለያየት ውል ካለ ዜጋው የትዳር ጓደኛ በራሱ ስም ይገዛል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱም በ2015 በተመዘገበ መዝገብ በሰጠው ውሳኔ ይህ ውል ከጋብቻ በኋላም እንዲፈረም ፈቅዷል። ያኔ ኮሱ የዜጋው ሥራ ነው።

አያዋጣም

እንግዲያው የውጭ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ንብረቱ ሙሉ በሙሉ የትዳር ጓደኛው ይሆናል ማለት ነው። ቤተሰብ ለሚሆኑ ሰዎች ደህና ነው፤ ኢንቨስትመንት ብሎ መሸጥ ግን ተገቢ አይደለም።

እዚያ ሥራ ያለው ሰው ይኑር፤ ይከራይ። የቤት ኪራይ በአብዛኛው የዓመት በአንድ ጊዜ ስለሚጠየቅ የ6 ወሩ መጀመሪያ ተከፍሎ የቀረው 6 ወር በኋላ እንዲከፈል መደራደር ይቻላል። ውሉ ላይ የመንደሩ የጥበቃና የቆሻሻ ክፍያ በማን እንደሆነ ይጻፍ። ግዴታ ግዢ ከሆነም ከባቱ አጂ ይልቅ እዚያው ባታም ላይ ያለውን ሙካ ኩኒንግ የተባለ ሰፈር ቢያዩ እመርጣለሁ፤ እዚያ ተከራዩ ከ1990 ጀምሮ ካለው የባታሚንዶ የኢንዱስትሪ ፓርክ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች ስለሚመጣ የአንድ መርከብ ሥራ አለቀ ተብሎ ክፍሎቹ ባንዴ አይራቆቱም። እዚያም ቢሆን ከሊዙ የቀረው ከ20 ዓመት በታች ከሆነ የማራዘሚያው ኡዌቴ በሻጩ ተከፍሎ ደረሰኙ እስኪቀርብ ድረስ ቀብድ አይሰጥ።