መልእክቱስ?

አጎቴ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ከወጡ ቆይተዋል፤ ጠመኔው ግን ከእጃቸው የወደቀ አይመስልም። ባለፈው ሠርግ ላይ ሙሽራው ንግግር ሲያደርግ «ባለቤትና ግሡ አልተስማሙም» ብለው ሹክ አሉኝ። ከፊታችን የተቀመጡ ሴትዮ ሰምተው «ውይ! ባለቤቱ አልተስማማችም እንዴ?» ብለው ደነገጡ።

እኚህን ሰው ነው ቅዳሜ ዕለት ሲኒማ የጋበዝኳቸው።

«ምን ዓይነት ፊልም ነው?»

«ኮሜዲ ነው ጋሼ። ሀብት ፍለጋ ጫካ የሚገቡ ሰዎች አሉ።»

«መልእክቱስ?»

ጨነቀኝ። «ጦጣ አለበት» አልኩ።

ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለም። የፊልም ማስታወቂያ «አዝናኝና አስተማሪ» ካላለ አንድ ነገር የጎደለ ይመስለናል። ዳይሬክተሩ ቃለ መጠይቅ ሲቀርብ «ከፊልሙ ምን እንማራለን?» ይባላል። ምስኪን! ሰው የሙዝ ልጣጭ ረግጦ ሲወድቅ ምን ይማሩታል? እኛ ሰፈር ሳቅ ያለ ደረሰኝ አይወጣም። ትንሽ ከበዛማ «ኧረ ምን ልንሰማ ነው እንዲህ የሳቅነው!» ብለን እናማትባለን።

ሲኒማም ከእኛ ጋር አበሳውን ያየ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ ፊልም ማሳያ ቤት ሲከፈት ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነበር። ያኔ ሰይጣን ቤት ነው ተብሎ ተሸሸ፤ አሁን ደግሞ ትምህርት ቤት ካልሆነ እያልን ነው። ዝም ብሎ ፊልም ማያ የሆነበትን ጊዜ የማውቀው በልጅነቴ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነው። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ፤ በጠመኔ «ዛሬ፦ ካራቴ፣ ህንድ፣ ኮሜዲ»። ውስጥ አግዳሚ ወንበርና የእግር ሽታ። ሕጉ አንድ ነው፤ አክተሩ አይሞትም። የጃኪ ቻን ከሆነ ደግሞ አለቀ ብሎ የሚነሳ የለም። ሲሳሳትና ሲወድቅ የተቀረጸው መጨረሻ ላይ ይመጣላ! ሰውዬው የምሩን ነበር የሚወድቀው። በ1986 እ.ኤ.አ. ዩጎዝላቪያ ውስጥ አንድ የሀብት ፍለጋ ኮሜዲ ሲሠራ ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ተሰንጥቋል። ይህን መንገድ ላይ ለአጎቴ ነገርኳቸው፤ ቀልድም ድካም እንዳለው እንዲገባቸው ብዬ።

«ማን ዛፍ ውጣ አለው?» አሉ።

ሲኒማው ደረስን። ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ለብሰዋል። ፈንዲሻ ገዝቼ ስሰጣቸው ከግራ ቀኝ አገላብጠው አዩት። «ቡናውስ?»

«ቡና የለም ጋሼ። ፈንዲሻ ብቻ ነው።»

«ፈንዲሻ ያለ ቡና?» አሉና ካርቶኑን ለቅሶ ቤት እንደተሰጣቸው ንፍሮ በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ።

መብራት ጠፋ። እንደ ወጉ አርፍደው የመጡት የስልካቸውን ባትሪ ዓይናችን ውስጥ እያበሩ ወንበር ፈለጉ። ከኋላችን ደግሞ ፊልሙን ያየው ልጅ አለ። ሁልጊዜም አለ። «አሁን ድልድዩ ይበጠሳል» ይላል ለጓደኛው። አጎቴ ዞር ብለው «ጎበዝ ነህ ልጄ፤ ግን ሳትጠየቅ አትመልስ» አሉት። ልጁ እስከ መጨረሻው ትንፍሽ አላለም።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከባድ ነበር። አጎቴ ከደረት ኪሳቸው ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ አውጥተው በጨለማ መልእክት ይጠብቃሉ። እኔ ልስቅ ስል በዓይናቸው ያዩኛል፤ ሳቄን መልሼ እውጠዋለሁ። ስምንተኛ ክፍል የተመለስኩ መሰለኝ።

ከዚያ ጦጣው መጣ።

አክተሩ የገመድ ድልድይ ላይ ነው። ጦጣው ካርታውን መንትፎታል። ሙዝ ያሳየዋል፤ ጦጣው ሙዙን ተቀብሎ ካርታውን አይመልስም። እንደገና ይለማመጠዋል፤ መነጽሩን ይወስድበታል። ሦስተኛ ላይ ቀበቶውን ፈትቶ ሰጠው። ድልድዩ ተወዛወዘ። ሱሪው መውረድ ጀመረ። በሁለት እጁ ገመዱን ይዟል፤ ገመዱን ቢለቅ ገደል ነው፤ ባይለቅ ደግሞ ማዶ የቆሙት ሴት መነኮሳት ናቸው።

ከጎኔ «እህ» የሚል ነገር ሰማሁ። ሳል መሰለኝ። ዞር ስል የአጎቴ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። እንደምንም ሊያፍኑት ሞከሩ። ከዚያ ድንገት ብድግ ብለው፦

«ሱሪህን! አንተ! ኧረ ሱሪህን!»

ፈንዲሻው እንደ ሠርግ አበባ ተበተነ። ሰዉ ፊልሙን ትቶ በእሳቸው ይስቃል። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው እንባቸውን ይጠርጋሉ፤ ደብተሩ ወንበር ስር ወድቋል።

ቤት ስንደርስ ፊታቸውን ሰብስበዋል። አክስቴ ቡና እያፈሉ «እንዴት ነበር?» አሉ።

«ደህና ነው። አስተማሪ ነው።»

«ምን ያስተምራል?»

አጎቴ፣ ሳያጠና ፈተና እንደገባ ተማሪ፣ በዓይናቸው ጥግ ወደ እኔ አዩ። ጠጋ ብዬ «ቀበቶ ጠበቅ አድርጎ ማሰርን» አልኳቸው።

«ቀበቶ…» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። ሲኒው በእጃቸው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እኔም ተከተልኳቸው።

አክስቴ ጀበናውን አስቀምጠው አማተቡ። «በስመ አብ! ዛሬ ምን ልንሰማ ነው?»