የጭቃ ቤቱ አከራይ ማን ነበር?

ስለ ኮሪደር ልማት፣ ማለትም የአዲስ አበባን መንገዶችና ዳራቸው ያሉ ሰፈሮችን አፍርሶ ስለ መሥራቱ በተነሳ ቁጥር አንድ መልስ ይመጣል። በፒያሳም በካዛንቺስም የፈረሰው ታሪክ የሌለው የጭቃ ቤት ነው፣ መሬቱም የመንግሥት ነው፣ ታዲያ ምን ያስጮሃችኋል የሚል። ሰሞኑን ይህንኑ ከአንድ የተማረ ሰው አፍ ሰማሁትና ደሜ ፈላ።

ከቀላሉ ልጀምር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሕዝብን ከባለቤትነቱ ማን ሰረዘው?

ደግሞስ የጭቃ ቤቱ የማን ነበር? አብዛኛው እኮ የቀበሌ ቤት ነው! ደርግ ሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ፣ ትርፍ ቤትንም ወረሰ። ወርሃዊ ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለመንግሥቱ የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ትልቁ አከራይ መንግሥት ነበር። ኪራይ ይሰበስባል፣ ቤቱን አያድስም። ኪራዩ ትንሽ ስለሆነ ለጥገና አይበቃም ይሉናል። እሺ፣ ተከራዩ በራሱ ገንዘብ ላድስ ሲል ለምን አሳሩን አበላችሁት? ጣራው ሲያፈስ ቆርቆሮ ለመቀየር ቀበሌ ደጅ መጥናት ነው፣ ልጅ ሲበዛና አንድ ክፍል ሲቀጥል ሕገ ወጥ ግንባታ ተብሎ ይፈርስበታል፣ ሽንት ቤቱ ከጎረቤት ጋር የጋራ ነው፣ ሲሞላም የሚመጣለት የለም። እንዲህ እየሆነ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሞላው። ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ እሱም ሄደ፤ አከራዩ ግን ያው ነው። ቤቱን ያበሰበሰው አከራይ ዛሬ ቤቱ በስብሷል ብሎ ተከራዩን ከነልጆቹ ከከተማው ዳር ሲያወጣ፣ ጥፋቱ የተከራዩ ተደርጎ ይወራል። ይሄ ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

በ1986 ሊዝ፣ መንግሥት የከተማ ቦታን ለተወሰነ ዓመት በክፍያ የሚሰጥበት አሠራር፣ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ባሰ። መሬቱ ወርቅ ሆነ፣ ላዩ ላይ ያለው ሰው ረከሰ። የራሱ ቤት ለነበረው እንኳ ካሳ የሚታሰበው ለግድግዳና ለጣራው ነው፣ ለቦታው አይደለም። ፒያሳን ውድ ያደረገው ግን ቦታው እንጂ ግድግዳው አይደለም።

ታሪክ የለውም ላሉትም እንዲህ እላለሁ። ጣይቱ በ1879 ከእንጦጦ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ ቦታው ባዶ አልነበረም። ፊንፊኔ ነበር። የጉለሌ፣ የኤካና የገላን ኦሮሞዎች የሚኖሩበት፣ ከብት የሚያጠጡበት። ምኒልክ መሬቱን ለመኳንንቱና ለጦር አዛዦቹ አደሉት፣ የነበሩት ተገፉ። ጣሊያን በአምስት ዓመት ቆይታው የአራዳን ገበያ አንስቶ መርካቶ ወሰደው፣ ነጭና ሀበሻ ተለያይተው ይኑሩ ብሎ። በ2006 የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ማስተር ፕላን ከተማዋን ወደ ዙሪያው ገበሬ ሲገፋት ስንቱ ወጣት ተገደለ፣ ከዚያ ነው ጥር 2008 ላይ ቀርቷል የተባለው። ሁሉም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ እዚያ የነበረው ሰው እንዳልነበረ ይቆጠራል። ዛሬ ተራው የቀበሌ ቤት ተከራይ ጋ ደርሷል።

ሰፈሮቹ ንጹህ ነበሩ አልልም። የፍሳሽ ነገር ያስመርር ነበር፣ አዲሱ የእግረኛ መንገድም ያምራል። ግን አብሮ የኖረው እድር፣ አንድ ስኒ ቡና የሚጠራራው ጎረቤት፣ በእግሩ ሥራ የሚሄደው ሰው የት ደረሰ? አንዱ ገላን ጉራ፣ አንዱ ቦሌ አራብሳ ተበተነ። ለምን እዚያው ሰፈሩ ላይ አልተሠራለትም? የቦታ እጥረት ነው እንዳይሉን፣ ቦታውማ ይኸው ተገኝቷል።

አሁን የምጠይቀው ግልጽ ነው። በየተጸዳው ቦታ ላይ በሚሠራው ሕንጻ ውስጥ ከተነሱት ነዋሪዎች ስንቱ ተመልሶ እንደሚገባ፣ ኪራዩም ስንት እንደሚሆን፣ ግንባታው ሳይጀመር በቁጥር ይነገረን።