ጥፋቱ የወንበሩ፣ ቅጣቱ የሱኖዳ

የፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር ቡድኑ ሬድ ቡል የ2026 (እ.ኤ.አ.) አሽከርካሪዎቹን ዲሴምበር 2፣ 2025 ላይ አሳወቀ። ከቡድኑ ኮከብ ከማክስ ቨርስታፐን ጎን ኢሳክ ሃጃር ይነዳል። በታናሹ ቡድን በሬሲንግ ቡልስ ሊያም ላውሰንና የ18 ዓመቱ አርቪድ ሊንድብላድ አሉ። በ2025 ከቨርስታፐን ጎን ይነዳ የነበረው ጃፓናዊው ዩኪ ሱኖዳ ተጠባባቂ ተደርጓል። አምስት ዓመት ሙሉ ፎርሙላ ዋን የነዳ ሰው ከእንግዲህ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የሌሎችን ውድድር ያያል።

ውሳኔው አበሳጭቶኛል። የበለጠ ያናደደኝ ግን ከዚያ ወዲህ ያለማቋረጥ የሚደጋገመው ሂሳብ ነው። በ2025 ውድድር ዘመን ቨርስታፐን 421 ነጥብ፣ ሱኖዳ 33። «ዕድል ተሰጠው፣ አልቻለም፣ በቃ» ይላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ «ድሮም ሆንዳ ነው ያስገባው» ብለው ይጨምሩበታል።

ከዚህ ከመጨረሻው ልነሳ፤ ከሁሉም ውሃ የማያነሳው እሱ ነውና። ሱኖዳ ለሬድ ቡል ሞተር ያቀርብ በነበረው በሆንዳ ድጋፍ ያደገ ልጅ ነው። ይህን ማንም ደብቆ አያውቅም። ከፎርሙላ ዋን በታች ባሉት ደረጃዎች አልፎ ነው የመጣው፤ በ2018 የጃፓን ፎርሙላ 4 ሻምፒዮን ሆነ። በ2019 አውሮፓ ገብቶ ፎርሙላ 3 ነዳ፣ በ2020 በፎርሙላ 2 ሦስተኛ ወጣ። በ2021 ባህሬን ላይ የመጀመሪያ ውድድሩን 9ኛ ሆኖ ጨርሶ ነጥብ ያዘ። በዚያው ዓመት አቡ ዳቢ ላይ 4ኛ ገባ። የሆንዳ ገንዘብ ሰውን መኪና ውስጥ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ማለፍ ያለበትን ግን ራሱ ነው የሚያልፈው።

ደግሞስ የሆንዳ እጅ ይህን ያህል ረጅም ከሆነ በ2024 መጨረሻ የት ነበር? ሬድ ቡል ሰርጂዮ ፔሬዝን አሰናብቶ ወንበሩ ባዶ ነበር። ሆንዳም ገና ከቡድኑ ጋር ነበር። ሱኖዳ በዚያ ዓመት የታናሹ ቡድን አጋሩን ዳንኤል ሪካርዶን አብረው እስከነዱ ድረስ በነጥብ 22 ለ12 በልጦታል። ቦታው ግን በፎርሙላ ዋን 11 ውድድር ብቻ ለነዳው ለላውሰን ተሰጠ። የዚያን ጊዜው አለቃ ክርስቲያን ሆርነር ይባስ ብሎ አንድን ሰው አምስት ዓመት ታናሽ ቡድን ውስጥ ማቆየት አይቻልም አለ። ማለትም ሱኖዳን ሊያሳድጉት አልፈለጉም፤ አለማደጉን ደግሞ ጥፋት አድርገው ቆጠሩበት። የሆንዳ ጉልበት ይህ ከሆነ ባይኖርስ ምን ይጎድልበታል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ከቨርስታፐን ጎን ወዳለው ወንበር።

ከ2019 ወዲህ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ተመልከቱ። ፒየር ጋስሊ 12 ውድድር ነድቶ ወረደ፤ በዓመቱ በታናሹ ቡድን መኪና ሞንዛ ላይ አሸነፈ። አሌክስ አልቦን በ2020 መጨረሻ ተነሳ፤ ዛሬ የዊሊያምስ ምሰሶ ነው። ፔሬዝ ከሁሉም የተሻለ ቆየ፤ አምስት ውድድር አሸነፈላቸው፣ በ2023 በዓለም ሁለተኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት ቨርስታፐን 437 ነጥብ ሲሰበስብ እሱ 152 ላይ ቀረና ተባረረ። ላውሰን ሁለት ውድድር ብቻ ቆየ። ሜልበርን ላይ የመነሻ ተራ በሚለይበት ማጣሪያ 18ኛ፣ ቻይና ላይ የመጨረሻው ሆነ። ከዚያ ሱኖዳ መጣ።

አምስት ሰው! ሌላ ቡድን ሲገቡ ነጂ የሆኑ፣ እዚያ ሲቀመጡ ግን መንዳት የጠፋባቸው አምስት ሰዎች። እንዲህ ያለ ነገር አንድ ጊዜ ቢሆን የሰውየው ድክመት ነው ብዬ አልፍ ነበር። ሁለቴም ቢሆን ይሁን። አምስቴ ሲሆን ግን ችግሩ ከመኪናው ነው፤ ሌላ ማስረጃ አልፈልግም።

ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። ቨርስታፐን የፊት ጎማዎቹ ገና መሪውን ሲነካው እንዲታጠፉለት ይፈልጋል። የኋላው ቢንሸራተትም እሱ ይይዘዋል። መኪናው ዓመት ከዓመት ወደዚያው ሲገፋ ኖረ። አልቦን የኮምፒውተር ማውስ ፍጥነትን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ጌም እንደመጫወት ነው ብሎ ነበር። ትንሽ ስትነካው ይበራል። እጁ ላልለመደ ሰው እያንዳንዱ ኩርባ ስጋት ነው። ስጋት ደግሞ ጊዜ ይበላል፤ ከ20ዎቹ አሽከርካሪዎች የሚበዙት በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሚገኙበት ዓመት ትንሽ ስጋት ከፊት ወደ ኋላ ይወረውርሃል።

ሱኖዳ እዚህ መኪና ውስጥ የገባው የውድድር ዘመኑ ከተጀመረ በኋላ ነው። የቅድመ ውድድር ልምምድ ላይ አልነዳውም። በሲሙሌተር ተዘጋጅቶ በቀጥታ ሱዙካ፣ በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት። ኢሞላ ላይ በማጣሪያው ክፉኛ ተጋጨ። እሱ የራሱ ጥፋት ነው፤ አልከላከልለትም። ግን ከዚያ በኋላ አዳዲሶቹ ዕቃዎች መጀመሪያ ለቨርስታፐን ይገጠሙ ነበር። ስፓ ላይ አዲሱ የመኪናው ወለል ልክ ማጣሪያው ሊጀመር ሲል ተሰጠው፤ ወዲያው 7ኛ ሆነ። በማግስቱ ጎማ እንዲቀይር የተጠራው ዘግይቶ ነበርና 13ኛ ጨረሰ። ሆርነርን የተካው አለቃ ሎረን ሜኪስ ጥሪው እንደዘገየ አምኗል። ይህ ሁሉ 33 ለ421 በሚለው ቁጥር ውስጥ አይታይም። እንዲያውም ከ33ቱ ሦስቱን ያገኘው ገና ሬሲንግ ቡልስ ሳለ ነው። ቁጥር የሚወረውሩት ሰዎች ቁጥሩን እንኳ አላዩትም።

ላውሰን ሲወድቅ ምን ተደረገለት? ወደ ታናሹ ቡድን ተመለሰ፣ ዓመቱን ሙሉ ራሱን እንዲያገኝ ጊዜ ተሰጠው፣ 38 ነጥብ ሰብስቦ ወንበሩን አቆየ። ጥሩ ነው፤ ይገባዋል። ሱኖዳስ? እሱ ለምን አልተመለሰም? ያንኑ መኪና አብሮ ያቃታቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ተመከረ፣ አንዱ ተባረረ። አህያውን ፈርተው ዳውላውን መምታት ማለት ይኼ ነው።

በሃጃር ላይ ቅሬታ የለኝም። ዛንድቮርት ላይ 3ኛ የወጣ ልጅ ነው። ግን ከወዲሁ ልናገር። በ2026 ሕጉ ተቀይሮ መኪናው ከዜሮ ይሠራል። ሃጃር ጥርና የካቲት ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይለማመድበታል። ለሱኖዳ ያልተሰጠው ይህ ነው። ሃጃር ሲሳካለት «አያችሁ፣ ችግሩ ሱኖዳ ነበር» የሚሉ ይመጣሉ። ሌላ መኪና፣ ሌላ ዝግጅት፤ ማወዳደር አይቻልም።

ውሳኔው ይፋ በሆነ በአምስተኛው ቀን አቡ ዳቢ ላይ ያደረገውን ደግሞ አትርሱ። የቨርስታፐን ዋንጫ በጥቂት ነጥብ ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ተቀናቃኙን ላንዶ ኖሪስን እንዲያቆየው ሱኖዳ ተነገረው። ሞከረ፤ እንዲያውም አብዝቶ ሞከረና አምስት ሰከንድ ተቀጣ። ላሰናበተው ቡድን! ቨርስታፐን ዋንጫውን በሁለት ነጥብ አጣ፤ ሱኖዳ ግን ያለውን ሰጥቷል።

ከካሙይ ኮባያሺ በኋላ፣ ከ2014 እስከ ሱኖዳ መምጫ ድረስ፣ ጃፓን በፎርሙላ ዋን ቋሚ ነጂ አልነበራትም። በ2026 ደግሞ እንደገና የላትም። ሆንዳ ከ2026 ጀምሮ ከሬድ ቡል ወጥቶ ለአስተን ማርቲን ቡድን ሞተር ያቀርባል። እዚያ የነበረው ፈርናንዶ አሎንሶ ውሳኔው ሲታወቅ 44 ዓመቱ ነበር፤ ውሉም እስከ 2026 ነበር። ሆንዳ ለልጁ የሚለው ነገር ካለ ወንበሩ ለሌላ ከመታጨቱ በፊት፣ አሁኑኑ ይበል።