ዓይናቸው ስኳድራ የሆነ ሰዎች ይመስገኑ

በቤቱ የእንጨት ሥራ ማሽን የተከለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ማሽኑ መሥመር ይስትበትና ረዳት ይፈልጋል። ያን ጊዜ የሚደርሱለት ደጋግ ሰዎች ግን እስካሁን የሚገባቸውን ምስጋና አላገኙም። መለኪያ ይዘው የማይመጡትን ማለቴ ነው። ዓይናቸው ራሱ ስኳድራ፣ ማለትም የማዕዘን መለኪያ፣ ሆኖ ሳለ መለኪያ ምን ያደርግላቸዋል? አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በሌላው የመጋዙን ዲስክ ጥርስ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ያስተያዩና «ትንሽ ጠሟል» ብለው ይፈርዳሉ።

በክብ መጋዝ ላይ ዲስኩ በጠረጴዛው ከተቀረጸው ቦይ ጋር ትይዩ መሆን አለበት፤ ከፊትና ከኋላ ሲለካ የሚገኘው ልዩነት ከ0.1 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ይህ የአንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። የእኛ ሊቅ ይህችን ልዩነት ቆመው፣ በደብዛዛ ብርሃን፣ ብናኝ በለበሰ መነጽር ያዩዋታል። ከዋክብት መቁጠር ሲችሉ በእኛ መጋዝ መወሰናቸው መታደላችን ነው።

ከሁሉ የማደንቀው እንጨቱ ተደግፎ የሚገፋበትን የጎን መምሪያ ሲያስተካክሉ የሚያሳዩትን ድፍረት ነው። መምሪያው በዲስኩ ኋላ በኩል ከጠበበ እንጨቱ መካከል ላይ ይቀረቀራል፤ ከኋላ ወደ ላይ የሚነሡት ጥርሶችም ይዘው ወደ ገፊው ሆድ ይወረውሩታል። ሊቁ ይህን ሲያዩ «እንጨቱ እርጥብ ነው» ይላሉ። ጠርዙ ጠቁሮ ከተቃጠለ «ሙጫ የበዛበት እንጨት ነው» ይላሉ። በረጅም አገልግሎታቸው ጥፋተኛ ሆኖ ያልተገኘ እንጨት የለም። የተሰነጠቀው እንጨት መልሶ ገጥሞ ዲስኩን እንዳይቆነጥጥ ከኋላ የሚቆመውን ስስ ብረትማ ገና በመጀመሪያው ቀን ፈትተው መሳቢያ ውስጥ ከተውታል። እይታ ይከልላላ!

መላጊያውም በረከታቸው አልጎደለበትም። ከምላጩ ወዲያ ያለው ጠረጴዛ ምላጩ ሲዞር ከሚደርስበት ከፍተኛ ነጥብ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ዝቅ ካለ የጣውላው መጨረሻ ይጎደጉዳል፣ ከፍ ካለ ጣውላው ይደነቀራል። ሊቁ ሁለቱንም የሚያስቀር ዘዴ አላቸው፦ ጣውላውን አስረዝሞ መግዛትና የተበላሸውን ጫፍ ቆርጦ መጣል።

ጥገና ሲመጣ ደግሞ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ግራሶ። የዲስኩ ማንሻ ከጠጠረ ግራሶ፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ከጮኸ፣ ሁለት ጎኑ የታሸገ ቢሆንም፣ ከላይ ግራሶ። ደረቅ ማለስለሻ ወይም ሰም በሚበቃበት ቦታ ሁሉ ግራሶ ይለቀለቅና ብናኙ ተጣብቆበት እንደ ጭቃ ይደርቃል። ቺንጋው ሲያፏጭ ኩሽኔታው እስኪያቃስት ድረስ ይወጥሩታል እንጂ ቺንጋው የሚዞርባቸው ሁለቱ ፑሌጃዎች በአንድ መሥመር ላይ መሆናቸውን አያዩም። ለዓይን ያን ያህል የቀለለ ነገር ለእርሳቸው ውርደት ሳይሆን አይቀርም። መምጣት ካልተመቻቸው በስልክ ያክማሉ፤ ድምፁን አዳምጠው «ኩሽኔታ ነው፣ ቀይረው» ይላሉ። የሰሙት የጎረቤት ልብስ ማጠቢያ ቢሆንም ምክር ምክር ነው።

መለኪያ ይዞ የሚመጣው ሰው ግን ምንኛ አሰልቺ ነው! በቅድሚያ ሶኬቱን ይነቅላል፤ ፈሪ ነዋ። ዲስኩ ላይ የደረቀውን ሙጫ ያጸዳል። አንድ ጥርስ ላይ ምልክት አድርጎ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ያለውን መለኪያውን ያስነካና ቁጥሩን ይጽፋል፤ ከዚያ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አዙሮ እንደገና ይለካል። ሌላ ጥርስ ከለካ የዲስኩ መወላገድ ከማሽኑ ስሕተት ጋር ይደባለቅበታል አሉ። ብሎን ያላላል፣ በላስቲክ መዶሻ ነካ ያደርጋል፣ ይለካል፣ ያጠብቃል፤ «ሲጠብቅ ይንቀሳቀሳል» ብሎም ደግሞ ይለካል። ይህን ሁሉ ሰዓት አንዲት ጣውላ እንኳ ሳይቆርጥ! ይባስ ብሎ ዋጋ ይጠይቃል።

ባለቤቱ ይከፍላል፤ ማሽኑን ሲገዛ ያልተሰማው ሕመም አሁን ይሰማዋል። ሰውየው ዕቃውን ሸክፎ ከመውጣቱም ወደ ሊቁ ይደውላል፦ «እባክዎ ሥራውን መጥተው ያረጋግጡልኝ።» ሊቁ መፍቻ ብቻ ይዘው ከተፍ ይላሉ። ማሽኑን አንዴ ዞር ዞር ብለው ካዩ በኋላ ብሎኖቹ ከመጠን በላይ መጥበቃቸውን ያስታውቃሉ።