ኢንተርኔቱ ቴሌግራም ቻናል ላይ ብቻ አይቅር፣ ስቶር ድረስ ይግባ

አሁን አዲስ አበባ ውስጥ "ኦንላይን ነን" የማይል ድርጅት ማግኘት ይከብዳል። ፈርኒቸር ቤቱም፣ የግንባታ እቃ አስመጪውም፣ ጫማ አምራቹም ቴሌግራም ቻናል አለው፣ ቲክቶክ ላይ ቪዲዮ ይለቃል፣ ፌስቡክ ላይ ቡስት ያደርጋል። ደስ ይላል። ግን ፖስቱን አይታችሁ ልትገዙ ስትሉ የሚገጥማችሁን ታውቁታላችሁ፣ "ዋጋ በኢንቦክስ" ይባላል፣ ኢንቦክስ ታደርጋላችሁ፣ መልሱ ማታ ይመጣል፣ በዋጋው ተስማምታችሁ ልንመጣ ነው ስትሉ ደግሞ "ቆይ ስቶር መኖሩን ልጠይቅ" ትላለች ኢንቦክስ የምትመልሰዋ ልጅ፣ ስቶር ኪፐሩ ምሳ ወጥቷል፣ ሲመለስ ቢን ካርዱን (የእቃ ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ካርድ) አይቶ አለ ይላል፣ ሄዳችሁ ስታዩት ግን እቃው ትናንት በሌላኛው ቅርንጫፍ ተሸጧል።

ልጅቷ ምን ታድርግ፣ ያላት ስልክ ብቻ ነው። ድርጅቱ ለማስታወቂያ የከፈለውን ያህል ስቶሩን ከሽያጩ ጋር ለማገናኘት አላሰበበትም።

እኔ የምለው፣ ብሩ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ከስቶር ጀምሩ። ውድ ሶፍትዌር እስክትገዙ አትጠብቁ፣ ቅርንጫፎቹ በጋራ የሚያዩት አንድ የጉግል ሺት እንኳ ይበቃል፣ እቃ በወጣ ቁጥር እዛው ወዲያው መመዝገብ ነው፣ ከዛ ቴሌግራም ላይ የምትመልሰዋ ልጅ ማንንም ሳትጠይቅ ታያለች፣ ግዢ ክፍሉም የትኛው እቃ እያለቀ እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል። አሁን ያለው አሰራር እኮ ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ፋይናንስ ክፍል አንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ተጭኖ፣ ዳታው በፍላሽ እየተመላለሰ፣ ሂሳቡ ወሩ ካለቀ በኋላ ነው የሚታረቀው። ባለቤቱ ያኔ ሪፖርት ቢደርሰው ምን ያደርግለታል? ያጎደለውም አጉድሏል፣ ያለቀውም እቃ አልቋል።

ደንበኛው ደግሞ ከድርጅቶቹ ቀድሞ ሄዷል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ከጀመረ ወዲህ፣ በተለይ ከሚያዝያ 2015 አዲስ አበባ ላይ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ከተደረገ በኋላ፣ በስልክ መክፈል ለሰዉ የተለመደ ነገር ሆኗል። ችግሩ ከተከፈለ በኋላ ነው። ከፋዩ ስክሪንሻት ይልካል፣ አድሚኑ ለካሸሯ ፎርዋርድ ያደርጋል፣ ካሸሯ ፋይናንስ ትደውላለች፣ ፋይናንስ ደግሞ የባንክ አካውንቱን የሚያየው ሰው ቢሮ የለም፣ ደንበኛው ከፍሎ ቆሞ ይጠብቃል። ስክሪንሻቱን ብቻ አምኖ እቃ የሚያስረክበው ደግሞ በፎርጅድ ይበላል። መፍትሄው ያን ያህል ሩቅ አይደለም፣ የነጋዴ አካውንት አውጥቶ ክፍያ ሲገባ ማረጋገጫው በቀጥታ ካሸሯ ስልክ ላይ እንዲመጣ ማድረግ፣ አቅም ያለው ደግሞ ከሽያጭ ሲስተሙ ጋር ማገናኘት።

በጣም የሚያናድደኝ ግን የፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ነገር ነው። ሦስት ፕሮፎርማ ለመሰብሰብ አንድ ሰራተኛ ሙሉ ቀን ከመርካቶ ቦሌ ይመላለሳል፣ በኢሜይል ላኩልኝ ሲል "ማህተም ያለበት ኦርጅናል ነው የሚፈለገው" ይባላል። አዋጅ ቁጥር 1205/2012 እኮ ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ለኤሌክትሮኒክ ፊርማ ህጋዊ እውቅና ከሰጠ ቆየ! አስመጪዎችም ከ2012 ጀምሮ የፈቃድ ወረቀታቸውን በኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በኩል ማስጨረስ ጀምረዋል። የመንግስት መስሪያ ቤቶች ለጉምሩክ ወረቀት ኦንላይን ከገቡ ሁለት የግል ድርጅቶች ለአንድ ዋጋ ማቅረቢያ ማህተም የሚያሯሩጡበት ምክንያት አይታየኝም።

ምክንያት ካለ ፍርሃት ነው። ባለቤቱ ሁሉም ነገር ከተመዘገበ ግብሩ ይከብደኛል ብሎ ይሰጋል፣ ውስጥ ያለው ሰራተኛ ደግሞ ስቶሩ ግልፅ ከሆነ የሚቀርበት ነገር ይኖራል። የግብሩ ስጋት ይገባኛል፣ ግን ያልተመዘገበ ስቶር ከግብር በላይ ያስከፍላል፣ ምክንያቱም በየቀኑ ምን ያህል እንደሚወጣበት ባለቤቱ ራሱ አያውቅም።

ሌላው የሚነሳው "ኢንተርኔት ሲቋረጥስ?" የሚለው ነው፣ ይሄኛው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ሲዘጋ ሦስት ሳምንት ገደማ ነው የቆየው፣ ስራው ሙሉ በሙሉ ኦንላይን የነበረ ሰው ያንን አይረሳውም። ስለዚህ ሲስተም ስትመርጡ ኔትወርክ በሌለበት መዝግቦ ሲመጣ የሚልከውን ምረጡ፣ የቀኑን ዳታ ኮፒ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጡ፣ በስልክ ማዘዣም አትዝጉ። የታክሲ አገልግሎቱ ራይድ እንኳ አፕ እያለው 8294 ላይ ደውሎ መኪና መጥራት ይቻላል፣ ኢንተርኔት የሌለው ደንበኛም አይቀርበትም።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ እዩ። ብዙ ድርጅት ቴሌግራም ቻናሉ የተከፈተው በሰራተኛው በራሱ ሲም ነው፣ ልጁ ተጣልቶ ሲለቅ በስንት ልፋት የተሰበሰበው ደንበኛ አብሮት ይሄዳል። በድርጅቱ ስም ሲም አውጡ፣ በሱ አካውንት ክፈቱ፣ ከዛ የቻናሉን ባለቤትነት ወደሱ አዛውሩ። ለማዛወር አሁን ቻናሉን የያዘው ሰው አካውንት ላይ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን (ሁለተኛ የይለፍ ቃል) በርቶ ቀናት ማለፍ ስላለበት ልጁ ስራ ላይ እያለ በስምምነት ጨርሱት።